ቀኑን ያላነበበ ጠበቃ

ውድ የሕግ ተማሪዎች፣ እናንተም በቅርቡ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣችሁ ወጣቶች፤

ጎንደር ውስጥ በፍትሐ ብሔር ክርክር ከ30 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤት ለተግባር ልምምድ ፒያሳ ወደሚገኘው ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ችሎት ፊት ሳይንተባተቡ እንዴት መናገር እንደሚቻል ነው። አልፈርድባቸውም፤ ሁላችንም ያደግነው በበላ ልበልሃ ወግ ነው። ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን እየሰበቀ፣ በማር በበቅሎ እየተወራረደ ባላጋራውን የሚያፋጥጥ ተሟጋች ሲተረክልን ስለኖርን ጠበቃ ማለት አንደበተ ርቱዕ ሰው ብቻ ይመስለናል። የዛሬው የፍትሐ ብሔር ክርክር ግን በአመዛኙ በጽሑፍ የሚካሄድ ነው፤ ክሱና መልሱ ከነማስረጃው ገብቶ ዳኛው ቀና ብለው ሲያዩአችሁ ብዙው ነገር አልቋል።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ስለሆነ ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ።

ፈቃድ ባወጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የቅዳሜ ገበያ እህል ነጋዴ የብድር ክስ መጥሪያ ይዘው መጡ። አበዳሪው ያቀረበው ውል ከደብተር የተገነጠለ፣ ከመታጠፍ ብዛት መሐሉ የሳሳ ወረቀት ነበር። ሽማግሌው ገንዘቡን መመለሳቸውን፣ ደረሰኙ ግን መጥፋቱን፣ ሲከፍሉ ያየው ሰውም መሞቱን ነገሩኝ። እኔም ያለ ደረሰኝ «ከፍያለሁ» ማለት አያዋጣም ብዬ ፊርማውን ክደን እንከራከር አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ፈርሜአለሁ እኮ» አሉኝ ዝግ ብለው። «ይህን ለእኔ ይተዉልኝ አባባ» አልኳቸው።

ፊርማው ለምርመራ ተልኮ የእርሳቸው መሆኑ ተረጋገጠ፤ ተፈረደብን። ከችሎት ስንወጣ የተቃራኒ ወገን ጠበቃ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው፣ በረንዳው ላይ ጠብቆኝ «ወንድሜ፣ ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀን አይተኸው ነበር?» አለኝ። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁ። ከምስክሮቹ የጣት አሻራ ሥር፣ ቀለሙ በደበዘዘ ጽሕፈት፣ የመመለሻው ቀን ተጽፏል፤ ክሱ የቀረበው ከዚያ ቀን 11 ዓመት ካለፈ በኋላ ነበር። «መልስህን ስከፍት ይርጋ አንስተህ ይሆናል ብዬ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለኝ። ይርጋ ማለት በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ያልቀረበ ጥያቄ ቀሪ የሚሆንበት ደንብ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1845 ከውል የሚመነጭ ጥያቄ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ በ10 ዓመት በይርጋ ቀሪ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ በቁጥር 1856 ደግሞ ተከራካሪው ካላነሳው ዳኛ በራሱ ይርጋን ሊያነሳ እንደማይችል ይናገራል። የ1958ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግም እንዲህ ያለው መቃወሚያ ገና ከጅምሩ እንዲቀርብ ይፈልጋል፤ በይግባኝ ጊዜ ትዝ ሲል የሚነሳ ነገር አይደለም። ባለዕዳ በይርጋ ማምለጡ ነውር አይደለም ወይ የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ይርጋ የሚያስፈልገው በተለይ እንደ እኒያ ሽማግሌ ላለው ሰው ይመስለኛል፤ የከፈለ ሰው ደረሰኙን ዕድሜ ልኩን ታቅፎ እንዲኖር፣ ምስክሩም እንዳይሞት ማዘዝ አይቻልምና። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ውሸት ጻፍኩ፤ በዚያ ላይ የሚያድናቸውን ቀን ሳላነብ ቀረሁ። ከሁለቱ የከፋው ውሸቱ ነው፤ ፊርማውን ከካድን በኋላ «ከፍያለሁ» የሚለው ቃላቸው ሰሚ አላገኘም።

ሽማግሌው የተፈረደባቸውን ከፍለው ሲጨርሱ ቀሪውን የጥብቅና ገንዘብ ቆጥረው ሰጡኝ። አልቀበልም ብል እምቢ አሉ። «ደረሰኝ ጻፍልኝ፤ ቀኑን አትርሳ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲመጣ ወረቀቱን ሁሉ እቀበልና በአንድ ገጽ ላይ ቀኖቹን ብቻ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ፤ ውሉ መቼ ተፈረመ፣ ግዴታው መቼ ደረሰ፣ ዕዳውን ያመነበት ደብዳቤ ካለ መቼ ተጻፈ (እንዲህ ያለው እምነት ይርጋውን ያቋርጣልና)፣ ፍርድ ካለ ደግሞ የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ መቼ ያልቃል እላለሁ። ቀጥሎ ወረቀቱ የማይናገረውን እጠይቃለሁ። ከደምቢያና ከወገራ የሚመጡ ገበሬዎች «ብድር» ወይም «ኪራይ» የሚል ውል ይዘው ይመጡና ረጋ ብላችሁ ስትጠይቋቸው በጀርባው የመሬት ሽያጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ስለሚደነግግ፣ ይህን ሳታውቁ የመሠረታችሁት ክስ ምስክር ሲሰማ ይፈርሳል።

ስለ አፈጻጸም፣ ማለትም የተፈረደውን ከተፈረደበት ሰው ስለ ማስከፈል፣ በትምህርት ቤት ብዙ አይወራም፤ ደንበኛ ግን የሚያስታውሳችሁ በእርሱ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል ሕዝብ መሐል ስለምንሠራ፣ ብዙ ሰው ማሸነፉን እንጂ ምን እንደሚያገኝ ሳያስብ ይከሳል። እናንተ ግን ክሱን ከመጻፋችሁ በፊት ተከሳሹ ምን ንብረት እንዳለው፣ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ እስኪፈረድ ድረስ እንዳይሸጥ ማሳገድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። ንብረት የሌለው ሰው ላይ የተገኘ ፍርድ ለደንበኛችሁ የኮፒና የዳኝነት ወጪ ብቻ ነው፤ ይህን አስቀድማችሁ ብትነግሩት ምናልባት ሽማግሌ ልኮ መታረቅን ይመርጥ ይሆናል። ከታረቀም እርቁን በጽሑፍ አድርጋችሁ በመዝገቡ ላይ አስመዝግቡት።

ለልምምድ ወደ እኔ የምትመጡ ልጆች የመጀመሪያውን ሳምንት ችሎት አትገቡም። ያለቀ መዝገብ እሰጣችኋለሁ፤ ፍርዱን ሳታዩ ክሱንና መልሱን አንብባችሁ የቀኖቹን ገጽ ትጽፉልኛላችሁ። የእኒያ ሽማግሌ መዝገብ ቅጂም ከመካከሉ አለበት፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልነግራችሁም።