የታጠፈ የድራኩላ ፖስተር፦ መጀመሪያ ካውያውን አስቀምጠው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። ለንደን ገበያ ላይ የ1960ዎቹ ነው ተብሎ የድራኩላ ፖስተር ገዝተሃል። ታጥፎ የኖረ ነው። ዋጋው በዚህ ይወርዳል ወይ? በካውያ ልተኩሰው ወይ? ሥዕሉ ላይ ያለውስ ለምን ፊልሙ ውስጥ የለም? እኔ እዚሁ ፍሬም ቤት ስለምሠራ እንዲህ ዓይነቱ በእጄ ያልፋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ካውያ አይሆንም። ላሚኔት፣ ኮላና ስኮችም ይቅርብህ። ያኔ ፖስተር ለሲኒማ ቤቶች ታጥፎ ነበር የሚላከው፤ ስለዚህ እጥፋቱ ነውር የለውም። እንዲያውም የዚያን ዘመን ነው ተብሎ ምንም እጥፋት የሌለው ሲያቀርቡልህ ጠርጠር አድርግ። መስመሩ ላይ ጣትህን አሳልፍበት። ኦሪጅናሉን ስካን አድርገው የሚያትሙ ሰዎች አሉ። እጥፋቱ ለዓይን ይታያል፣ ወረቀቱ ግን ልሙጥ ነው። እጥፋቱንም አብረው አትመውታል!

ከዚያ ለካው። የእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች ዋናው ፖስተር «ኳድ» ይባላል፤ 30 በ40 ኢንች ሆኖ በአግድሙ ነው የሚሰቀለው። ከግርጌ የማተሚያ ቤቱን ስም ፈልግ። ደግሞ «በእጅ የተሳለ» ሲሉህ ያንተ ቅጂ ተሳለ ማለት አይደለም። የተሳለው አንዱ ሥራ ነው፤ የቀረው ሁሉ ኅትመት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄህ ግን ደስ ይለኛል። እነዚህን አስፈሪ ፊልሞች በብዛት ያወጣው ሐመር የሚባለው የእንግሊዝ የፊልም ድርጅት ነው። ስቱዲዮው ቴምዝ ወንዝ ዳር፣ ብሬይ ነበር። በ1957 ፍራንከንስታይንን፣ በ1958 ድራኩላን ሠርቶ ገበያው ደራለት። ኃላፊው ጄምስ ካሬራስ ነጋዴ ሰው ነው። ገና ስክሪፕት ሳይጻፍ ርዕስና ፖስተር አዘጋጅቶ ገንዘብ ላላቸው ሰዎች ያሳያል። ከወደዱት ፊልሙ ይሠራል። ሠዓሊው እንግዲህ ያላየውን ነገር ነው የሚስለው። ሥዕሉ ከፊልሙ አልገጠመም ብለህ አትገረም፤ ብዙ ጊዜ ሥዕሉ ነው የቀደመው።

አንዳንዴ ደግሞ ፊልሙ ሥዕሉን ተከትሏል። የ1959ኙን «ዘ ማሚ» ፖስተር ቢል ዊጊንስ የሚባል ሠዓሊ ነው የሠራው። በጨርቅ የተጠቀለለው ሬሳ ሰውነቱ ተበስቷል፤ በቀዳዳው የባትሪ ብርሃን ያልፋል። ዋናው ተዋናይ ፒተር ኩሺንግ ይህን አየና ቀዳዳው ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። ለማስታወቂያ ብቻ ነው አሉት። እሱ ግን ተመልካቹ ይታለላል ብሎ አሰበ። ዳይሬክተሩን ቴረንስ ፊሸርን አስፈቅዶ፣ ፊልሙ ላይ ሬሳውን በረጅም ጦር ወጋው! እኔ ከሁሉም ይህ ፖስተር ይበልጥብኛል። እውነቱን ለመናገር ፊልሞቹ ዛሬ ብዙም አያስፈሩኝም፤ በሌሊት ግድግዳ ላይ የማልሰቅላቸው ፖስተሮች ግን አሉ።

ሌላው ትልቅ ስም ቶም ቻንትሬል ነው። በፍጥነት ይሠራል፤ ሞዴል ሲያጣ ራሱን ፎቶ ያነሳል፣ ቤተሰቡንም ያቆማል። መቃብሩን ፈንቅሎ ስለሚነሳው ድራኩላ በ1968 የወጣው ፊልም ኳድ ላይ ለድራኩላው የቆመው ራሱ ቻንትሬል ነው። በፊልሙ ድራኩላን የሚጫወተውን ተዋናይ፣ ክሪስቶፈር ሊን፣ አይመስልም የሚል ካለ፣ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ያንተ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ በጨርቅ አስደግፎ የሚያድስ የወረቀት ባለሙያ ዘንድ ውሰደው፤ እጥፋቱን በደንብ ያለዝቡልሃል። ፍሬም ስታሠራም ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ንገራቸው፣ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳም አርቀው። ለጊዜው ግን የግርጌውን ጽሑፍ በቅርብ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፍልን።