ባለ ተቀያሪ ምላጭ መላጫ

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት የሚሠሩበትን ምላጭ የሚቀየርለት ታጣፊ መላጫ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሁለቱንም ጊዜ አገጬን ቆረጠኝ። ጥፋቱ የመላጫው ነው ወይስ የእኔ? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መጀመሪያ መላጫውን ይፈትሹ። ምላጩ ገብቶ ሲዘጋ ስለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መውጣት አለበት። በአንድ በኩል ከበለጠ ወይም ከተነቃነቀ ይለውጡት፤ የእጅ ብልሃት አያስተካክለውም። ለጀማሪ ስለቱ ጥቂት ብቻ የሚወጣበት ይሻላል። ባለ ሁለት ስለቱን ምላጭ ከወረቀቱ ሳያወጡ በርዝመቱ መሃል ለመሃል አጥፈው ይስበሩትና ግማሹን ያስገቡ።

የደብረ ብርሃን የጠዋት ውሃ ጢም አያለሰልስም። በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ 2 ወይም 3 ደቂቃ ፊትዎ ላይ ያቆዩ፤ ከዚያ ሳሙናውን በደንብ አረፋ አድርገው ይቀቡት።

ስለቱን ከቆዳዎ 30 ዲግሪ ያህል ያጋድሙት። ከዚያ ይበልጥ ቀና ካለ ይቆርጣል፤ በጣም ከተኛ ፀጉሩን ይጎትታል። በሌላው እጅ ቆዳውን ወጥረው፣ ሳይጫኑ፣ በጢሙ አበቃቀል አቅጣጫ በአጭር በአጭሩ ይላጩ። ስለቱን ወደ ጎን በፍጹም አያንሸራትቱ፤ ጥልቅ ቁስል የሚመጣው ከዚያ ነው።

አገጭ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከሁሉም ይከብዳል። ለጥቂት ሳምንታት ጉንጭዎን ብቻ በዚህ ይላጩ፤ አገጩን በለመዱት መላጫ ይጨርሱ። ምላጩ መጎተት ሲጀምር ይጣሉት፤ ለሌላ ሰው ደግሞ ከቶ አያውሱ።