የኮሌጅ ግቢ ሲታደስ የቅርስ ጥናት መቼና እንዴት ይደረግ?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጉዳይ እንዲህ የሚል ነው፤ ጎንደር የሚገኘው ኮሌጃቸው ሁለት አሮጌ ሕንፃዎችን አፍርሶ በቦታው ባለ አራት ፎቅ የመማሪያ ሕንፃ ሊያሠራ አስቧል፤ የቅርስ ጥናቱ መቼ ይደረግ፣ ምንስ ይታይ? ነባር ሕንፃዎችን በመለካትና በመመዝገብ ሥራ ረጅም ዘመን ስለቆየሁ የማውቀውን ልጻፍልዎ። ከሁሉ አስቀድሞ የምለምንዎ ጥናቱ የዲዛይን ውል ከመፈረሙ በፊት እንዲደረግ ነው።

ይህን አጥብቄ የምለው ስላየሁት ነው። በሰሜን በኩል ባለች አንዲት ከተማ ዲዛይኑ አልቆ፣ ተቋራጩ ገብቶ፣ ቁፋሮው አንድ ሜትር ተኩል ያህል እንደወረደ ኤክስካቫተሩ በኖራ የተገነባ ግንብ መታ። እኛ ተጠርተን እስክንደርስ ማዕዘኑ ተነቅሎ ከአፈሩ ጋር በገልባጭ መኪና ተወስዶ ነበር። ሥራው ቆመ፣ ክረምቱ ገባ፣ ጉድጓዱ ውኃ ቋጠረ፤ ተቋራጩም ለቆመበት ጊዜ ካሳ ጠየቀ። በመጨረሻ የሕንፃው ቦታ ተቀየረ፤ ያ ማዕዘን ግን ሳይለካና ፎቶግራፍ ሳይነሣ ጠፍቶ ቀረ። ግንቡ የቤት ይሁን የአጥር ሊነግረን ይችል የነበረው እሱ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ባለበት እንዲጠብቀው ያዝዛል። ይህ ግን ድንገት ለሚገኝ ነገር የተደነገገ ነው፤ ጎንደር ውስጥ ቅርስ መገኘቱን ድንገተኛ ለማለት አልደፍርም።

በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፋሲል ግቢ ከከተማዋ ጎልቶ የሚታየው ክፍል ነው እንጂ፣ በዙሪያው መኳንንቱ፣ ካህናቱና ባለ እጆቹ የኖሩባቸው ሰፈሮች ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ የቦታውን የድሮ ስም ይጠይቁ፤ እጨጌ ቤትና አቡን ቤት የሚሉት ስሞች ማን ይኖርበት እንደነበር ራሳቸው ይናገራሉ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስለወደሙ፣ ዛሬ ባዶ ሜዳ የሚመስለው ቦታ የቀድሞ ደብር ወይም መቃብር ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ከአካባቢው ካህናትና ሽማግሌዎች ሳይሰሙ መቆፈር አይገባም።

ለገንዘብ ከተቸገራችሁ አንድ መንገድ አለ። መሐንዲሶቹ ለመሠረቱ ሲሉ የአፈር ምርመራ ጉድጓድ ማስቆፈራቸው አይቀርም፤ በዚያ ቀን የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አጠገባቸው ይቁም፤ ጉድጓዶቹም 2 በ2 ሜትር ሆነው በእጅ ይቆፈሩ። የሴፕቲክ ታንኩና የውኃ መስመሩ የሚያልፉበት ቦታም አይዘንጋ፤ ሰው ሁሉ ሕንፃውን ሲያይ እነሱ ይረሳሉ። አመድ፣ የኖራ ጓል፣ የሸክላ ስብርባሪ ከታየ በየስንት ጥልቀቱ እንደተገኘ ይመዝገብ።

ሕንፃዎቹ የጣልያን ዘመን ከሆኑ፣ «የጠላት ሥራ ነውና ይፍረስ» የሚል አይጠፋም። ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያስቡ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያ ነው፤ ፋሺስቶች ያቆሙት ደረጃም አልፈረሰም፣ በጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ተማሪ በዚያ ሲያልፍ ታሪኩን በዓይኑ ያያል።

«ግድግዳው በስብሷል» የሚል ሪፖርት ሲቀርብም አይቸኩሉ። በአንድ ግቢ እንዲህ ተብሎ ሊፈርስ የነበረ ግድግዳ ላይ የመዳፍ ስፋት ያህል ልስን በቢላ ፋቅሁ፤ ከላይ የዘይት ቀለም፣ ከሥሩ ሲሚንቶ፣ ከሲሚንቶው በታች ደግሞ ቢጫ ቀለም የተቀባ የኖራ ልስን ተገኘ። በኋላ የተደረበው ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ነበር እንጂ የድንጋይ ግንቡ ጤነኛ ነበር። ሲሚንቶው ተነሥቶ ግድግዳው እንዲደርቅ ሲደረግና በኖራ ሲለሰን ቤቱ ዳነ፤ አሁን ቤተ መጻሕፍት ነው።

ማፍረሱ ግድ ቢሆን እንኳ እያንዳንዱ ክፍል፣ በርና መስኮት ተለክቶ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ የመዝገቡ አንድ ቅጂ ለከተማው የባህል ጽሕፈት ቤት፣ አንድ ቅጂ ለኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በጨረታ ሰነዱም ላይ መሠረቱ በባለሙያ ክትትል እንደሚቆፈር፣ ቅርስ ቢገኝ ሥራው ስንት ቀን እንደሚቆምና የዚያን ጊዜ ወጪ ማን እንደሚሸፍን አስቀድሞ ይጻፍ፤ ይህ ካልተጻፈ ግንብ ያገኘ ኦፕሬተር ዝም ብሎ መቆፈሩን ይመርጣል።