በቮልሷ ውስጥ የአባቴ ድምፅ አይሰማኝም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች ባለ 1500 ሲሲ ቮልስዋገን አለቻቸው። አሁን የምነዳት እኔ ነኝ፤ በየሳምንቱ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ይዣቸው እወርዳለሁ። አጠገቤ ተቀምጠው የሚነግሩኝ አይሰማኝም። የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ስንገባማ ወሬያቸውን ያቋርጡታል። አንድ ጓደኛዬ ወለሉን በሬንጅ ለብጠህ ስፖንጅ አንጥፍበት ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል? (ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ ሬንጁንም ስፖንጁንም ተወው። የጣሪያ ሬንጅ ሞተር አጠገብ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ እሳት ካገኘውም ይነዳል። ስፖንጅ ደግሞ ውሃ ይዞ ይቀመጣል። እኔ የራሴን ቮልስ ወለል በስፖንጅ ሞልቼ አንድ በጋ ደስ ብሎኝ ነድቻለሁ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ሞኬቱን ስገልጠው ላሜራው በጣቴ ተበሳ። ከጫማ የወረደው ጭቃና በበሩ የሰረገው ዝናብ ሁለት ወር ሙሉ እዚያው ተኝቶ ነበር። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ ቀዳዳ ፈልግ። የወረቀት ቁራጭ በሩ ላይ አድርገህ ዝጋውና ሳበው፤ ያለ ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ ሞቷል። ሽቦዎችና ፔዳሎች የሚያልፉባቸውንም ክፍተቶች እይ። ሞተሩን ዙሪያውን የሚከብበው ጎማ ካረጀ ጩኸቱ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ከሥር ያለው ትኩስ አየር ወደ ማራገቢያው ተመልሶ ሞተሩን ያግለዋል። በኋላ መስታወት ሥር ያሉትን የአየር መግቢያዎች ግን እንዳትነካቸው። ይህ ሞተር የሚበርደው በአየር ብቻ ነው፤ በእኛ ከፍታ ደግሞ አየሩ ስስ ነው።

ቀጥሎ ላሜራው። ላሜራ ሲንቀጠቀጥ እንደ ከበሮ ነው። ከበሮን ዝም ለማሰኘት መጠቅለል አያስፈልግም፣ ቆዳው ላይ መዳፍ ማሳረፍ ይበቃል። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሰዎች ጀርባው አሉሚኒየም የሆነ፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ የሚለጠፍ የቡቲል ጎማ ያመጣሉ። በጣትህ አንጓ እያንኳኳህ እንደ ጣሳ የሚጮኸውን ቦታ ለይና መሃሉ ላይ ለጥፍ፤ የላሜራው ሩብ ወይም ሲሶ ቢሸፈን ብዙው ጩኸት ይሞታል። ከመለጠፍህ በፊት ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀባው፣ በደንብ ይድረቅ። በሮቹ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች አትድፈን። ገንዘብህ ውስን ከሆነ ከኋላ ወንበር ጀርባ ካለው የዕቃ ጉድጓድ ጀምር፤ የሞተሩ ድምፅ አብዛኛው የሚገባው በዚያ ነው። እዚያ ከቡቲሉ በላይ ከባድ የጎማ ምንጣፍ ጨምርበት።

ከላይ የሚነጠፈው ሱፍ ይሁን። እኛ የመንዝ በግ ያለን ሰዎች ለምን ስፖንጅ እንደምንገዛ አይገባኝም። አሮጌ ባና ከቤትህ ካለ እጥበው፣ አድርቀው፣ እጥፍ አድርገህ ከሞኬቱ ሥር አንጥፈው። ሱፍ ድምፅ ይውጣል፣ እርጥበት ቢይዝም ይተነፍሳል፣ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ በደብረ ብርሃን ውርጭ ደግሞ የአባትህን እግር ያሞቃል። በማስቲሽ አትለጥፈው፤ በየዓመቱ መስከረም ላይ እያወጣህ ፀሐይ አስመታው። ብል ስለሚወደው ያኔውኑ መርምረው። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ግን ባና አይገባም።

ሁለት ነገር ሳታደርግ ሥራውን እንዳትጀምር እለምንሃለሁ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጎቹ ወርደው የባትሪውን ራስ ሊነኩ ይችላሉ፤ ብልጭታው ወንበሩን ያቃጥለዋል። ክዳኑ ከጠፋ ከካላማዳሪ ወፍራም ቁራጭ ቆርጠህ ራሶቹን ሸፍናቸው።

ሌላው ጭሱ ነው። የዚህች መኪና ማሞቂያ አየሩን የሚያሞቀው በጭስ ማውጫው ቱቦ ዙሪያ አሳልፎ ነው። ቱቦው ወይም ማርሚታው ከተበሳ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ከሙቀቱ ጋር ወደ ውስጥ ይገባል። እስከ ዛሬ በክፍተቶቹ የገባው ንፋስ አቅልሎላችሁ ሊሆን ይችላል፤ አንተ ግን አሁን እነዚያን ክፍተቶች ልትደፍናቸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መካኒክ ዘንድ ወስደህ አስፈትሻት።

የማራገቢያው ፉጨት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ አባትህ በተለመደ ድምፃቸው ሲያወሩህ ግን ትሰማቸዋለህ። ዋሻው ስትደርሱ መስኮቶቹን ዝጋ፤ እዚያ የሚያስቸግራችሁ ከግድግዳው ተመልሶ በመስኮት የሚገባው የራሳችሁ ሞተር ድምፅ ነው።