ስለሚያሳክክ ቆዳ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የቆዳ ክሊኒክ ውስጥ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ቆዳውን ሳላይ ስለምመልስ «ይመስለኛል» ባበዛ አትፍረዱብኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። የ6 ዓመት ልጄ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል። ጣቶቹ መካከልና እምብርቱ ዙሪያ ትንንሽ ሽፍታ አለው። ከፋርማሲ ቅባት ገዝቼ ቀባሁት፤ ተሻለውና ተመለሰበት።

መልስ፦ ዶክተር እንኳን አይደለሁም። እህቴ፣ እቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ?

ጥያቄ፦ አባቱ ጀምሮታል። ከልጁ ጋር የምትተኛው ሠራተኛችንም እጇን ታካለች።

መልስ፦ እንግዲያው እከክ ይመስለኛል። በዓይን ለማየት የምታስቸግር ተባይ ቆዳ ውስጥ ገብታ እንቁላል ትጥላለች፤ ማሳከኩ ሰውነት ለእሷ የሚሰጠው የአለርጂ ምላሽ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማከክ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ «እኔ ደህና ነኝ» የሚለውም ተባዩን ይዞ ሊሆን ይችላል። ልጅሽ ዳነ፣ ከእናንተ መልሶ ያዘው።

ነገ አስመርምሪው። እከክ ከሆነ ፐርሜትሪን 5 በመቶ የሚባለውን ቅባት የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይቀባ፦ ከአንገት በታች ምንም ሳይቀር፣ ጥፍር ሥር፣ ብልት አካባቢና የእግር መዳፍ ጭምር። ከ8 እስከ 14 ሰዓት ቆይቶ ይታጠባል፣ በሳምንቱ ይደገማል። እጁን የታጠበ እጁን እንደገና ይቀባ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ቀን አንሶላና ልብስ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ሳምንት አስቀምጡት፤ ተባዩ ከሰው ገላ ርቆ ብዙ ቀን አይኖርም። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ መድኃኒቱ አልሠራም ብለሽ በየቀኑ እንዳትቀቢው።

ጥያቄ፦ እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። የሚተላለፈው ገላ ለገላ በመነካካት ነው፤ በቀን ሁለቴ የሚታጠብም ይይዘዋል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ አማራ ክልል ውስጥ በወረርሽኝ መልክ ሲዛመት የተያዙት ሰዎች ምን አጠፉ?

ጥያቄ፦ ብሽሽቴ ላይ ጭርት ወጣብኝ። ፋርማሲ የሰጡኝ ቅባት ወዲያው ያስታግሰዋል፣ ሳቆም ግን ሰፍቶ ይመጣል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቱቦው ላይ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካለ አቁመው። ስቴሮይድ ነው። ማሳከኩን ያበርዳል፣ ጭርቱን የሚያመጣውን ፈንገስ ግን ይመግበዋል። ስቴሮይድ ያልተቀላቀለበት ክሎትሪማዞል የሚባል የፈንገስ ቅባት በቀን ሁለቴ ቀባ፤ ከጠፋ በኋላም ሁለት ሳምንት ቀጥል። በስቴሮይድ የተለወጠ ጭርት እኛንም ያሳስተናል፤ ስትታከም ቱቦውን ይዘህ ሂድ። ጭርቱ የልጅ ራስ ቅል ላይ ከሆነ ደግሞ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ባደርግበትስ?

መልስ፦ እባክህ ተው። ያቃጥላል፤ ጭርት ይዞ የመጣ ሰው በቃጠሎ ስናክም አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ሚኒሶታ ነኝ። ክረምት ሲገባ ቅልጥሜ በማሳከክ ይገድለኛል፤ ሽፍታ የለውም።

መልስ፦ ደረቅ ቆዳ ይመስለኛል። የቤት ማሞቂያው አየሩን ያደርቀዋል። የምትታጠቢው ለብ ባለ ውሃ ይሁን፣ ቶሎ ውጪ፣ ገላሽ እርጥብ ሳለ ቫዝሊን ተቀቢ። ሽታ ያለውን ሎሽን ለሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ የ8 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። መዳፌና የእግሬ ሥር ብቻ ያሳክከኛል፣ ሽፍታ የለኝም።

መልስ፦ ይህን ቅባት ፈልጊ አልልሽም። ነገ ጠዋት የእርግዝና ክትትልሽ ጋ ሂጂና እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው፤ የጉበት ምርመራ ያስፈልግሻል። የሐሞት ፍሰት ሲታወክ እንዲህ ያሳክካል፣ ለጽንሱም ያሰጋል። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ዛሬውኑ ሂጂ።

ጥያቄ፦ አባቴ 70 ዓመታቸው ነው፤ ምንም ሳይወጣባቸው ወራት አሳከካቸው።

መልስ፦ የኩላሊት፣ የጉበት፣ የስኳር፣ የታይሮይድና የደም ምርመራ ያድርጉ። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ያሳዩ።

ጥያቄ፦ የልጁ እናት ነኝ። ባለቤቴ «ሠራተኛዋ ናት ያመጣችብን፣ ወደ አገሯ ትሂድ» አለ።

መልስ፦ ማን ከማን እንደያዘው አይታወቅም፤ እሷም ከልጁ ይዛ ይሆናል። ቅባቱን ስትገዢ የእሷን ጨምረሽ ግዢ፣ በዚያው ሌሊት ትቀባ። ባለቤትሽም ጀርባውን የሚቀባለት ሰው ያስፈልገዋል።