ጠያቂና መላሽ፦ ውስኪን ከቮድካ የሚለየው ምንድን ነው?

በዚህ ወር ከከተማው ዳርና ዳር ከደረሱን ጥያቄዎች ስለ መጠጥ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

«የሰርግ ድግስ አለብን። ውስኪውም ቮድካውም ጠርሙሱ ላይ 40 በመቶ ይላል፤ ዋጋቸው ግን አይገናኝም። ከቀለማቸው ሌላ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» — አንባቢ፣ ከለገጣፎ

የአልኮል መጠናቸው እንዳሉት እኩል ነው። ልዩነቱ ከአልኮሉ ጋር አብሮ የቀረው ነገር ላይ ነው። ቮድካ ከስንዴ፣ ከድንች፣ ከወይንም ሳይቀር ይሠራል (አብሶሉት የስንዴ ነው፣ ሲሮክ የወይን)። ድፍድፉ በረጅም ማማ ውስጥ እየተነነ፣ እየቀዘቀዘ፣ እንደገና እየተነነ 96 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ ይጣራል። እዚያ ሲደርስ የእህሉ ጣዕም ተሟጦ ወጥቷል ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች በከሰል ያሳልፉታል፤ ቀጥሎ ውሃ ይጨመርበትና ይታሸጋል። በአውሮፓ ሕግ ከ37.5፣ በአሜሪካ ከ40 በመቶ መውረድ የለበትም። ማረፍ አያስፈልገውም።

ውስኪ ከእህል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጣዕሙ እንዲቀርም ይፈለጋል። የስኮትላንድ የብቅል ውስኪ ከመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ወጥቶ 70 በመቶ አካባቢ ላይ ይቆማል። ከዚያ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ እንጨት በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት መተኛት አለበት። እዚያው እንደተኛ በየዓመቱ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይተናል። የዋጋው ልዩነት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ለዓመታት የታሰረ ገንዘብና አየር የወሰደው መጠጥ።

ቀለሙን አይመኑ። በስኮትላንድ ለቀለም ካራሜል (የተቃጠለ ስኳር) መጨመር ይፈቀዳል፤ ቡርቦን በሚባለው የአሜሪካ ውስኪ ግን ክልክል ነው። የሚታመነው የዕድሜው ቁጥር ነው፤ «12» ካለ በውስጡ ከተቀላቀሉት ሁሉ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል። ጥቁሩ ጆኒ ወከር 12 ይላል፤ ቀዩ ዕድሜ አይጠቅስም። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ዕድሜ መቁጠር ያቆማል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ 10 ዓመት ያስቀመጡት የ12 ዓመት ውስኪ ያው የ12 ዓመት ነው።

ለድግሱ ከ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ባለ 30 ሚሊ ሊትር 25 መለኪያ ይወጣል፤ ከ700ው 23። እንግዳው በለስላሳ ወይም በጭማቂ የሚጠጣ ከሆነ ቮድካ ይግዙ። የ12 ዓመት ውስኪን በኮካ መበረዝ ገንዘብ መድፋት ነው።

«እናቴ አረቄ ታወጣለች። ጓደኞቼ ነጭ ስለሆነ የሀበሻ ቮድካ ይሉታል። ልክ ናቸው? በእንጨት በርሜል ባስቀምጠው ውስኪ ይወጣዋል?» — አንባቢ፣ ከሱሉልታ

ጓደኞችዎ ቀለሙን አይተው ነው። አረቄ በአሠራሩ ለቮድካ ሳይሆን ለውስኪ ነው ዘመዱ። ዋናው ምስክር ብቅሉ ነው። ስኮትላንዶች ገብሱን ነክረው፣ አብቅለው፣ አድርቀው ይፈጩና ከ63 እስከ 65 ዲግሪ በሚሆን ውሃ ያሹታል፤ ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል። እናትዎም ጌሾና ብቅል ጠንስሰው የዳጉሳ ወይም የበቆሎ ቂጣ ሲፈረፍሩበት ያንኑ ሥራ ነው የሚሠሩት። ጌሾው ብቻ የእኛ ነው። ከዚያ ድፍድፉ ጋን ውስጥ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። ተራው አረቄ 35፣ ዳግሙ 45 በመቶ አካባቢ ነው። ለቮድካ ከሚያስፈልገው 96 ጋር ሲተያይ የእህሉ ጣዕም ገና አልተነካም። በርሜል ያልገባ ጥሬ ውስኪ ቢሉት ይቀርባል።

የሚጎድለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው መዳብ ነው፤ መዳብ የድኝ ሽታ ያላቸውን ነገሮች ይይዛል፣ ሸክላና ብረት ድስት ግን አይዙም። ሁለተኛው መቁረጥ ነው፤ እኛ ዘንድ በጣም የሚበደለውም ይኸው ነው። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሹል ሽታ አለው። መጨረሻ ላይ የሚወርደው ደግሞ ደካማ፣ ከባድና እርጥብ ጨርቅ የሚሸት ነው። ውስኪ ሠሪ መሐሉን ብቻ ለበርሜል ያስቀራል፤ ጫፍና ጫፉን መልሶ ከሚቀጥለው ድፍድፍ ጋር ያወጣዋል። ቤት ውስጥ ሁሉም አንድ ጀሪካን ውስጥ ይገባል፤ የማግስቱን ራስ ማዞር ይህም ያብሰዋል። ጀሪካኑ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ጠንካራ አልኮል የፕላስቲኩን ጣዕም ስለሚያወጣ በጠርሙስ ያስቀምጡት።

የሙቀት መጠን ከውጭ መመሪያ እየገለበጡ ለሚሠሩ ደግሞ ማሳሰቢያ አለን። ንጹህ አልኮል በባሕር ጠለል 78 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሱሉልታ ከፍታ ላይ ግን 71 ገደማ ነው፣ ውሃውም 91 አካባቢ። መጽሐፉን ተከትሎ እሳት የሚቆሰቁስ ሰው መቁረጫው ቦታ ያልፈዋል።

ሜታኖል ስለሚባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት «መጀመሪያ የወረደውን ከደፋሁ ሜታኖል ሁሉ ወጣ» የሚባለው እውነት አይደለም። ሜታኖል ለብቻው 64.7 ዲግሪ ላይ ቢፈላም ከውሃና ከአልኮል ጋር ተቀላቅሎ ጋን ውስጥ ሲሆን እንዲህ ተለይቶ አይወጣም። ደግነቱ ከእህል ድፍድፍ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ሰው የሚገድለው አረቄው እንዲጠነክር ተብሎ የኢንዱስትሪ አልኮል ሲጨመርበት ነው። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ነው፤ ዓይን ይጨልማል ወይም ጭጋግ ያያል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ይህ ከታየ ተኝቶ ይለፍለት ሳይባል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለበት፤ መድኃኒት አለው፣ ከዘገየ ግን ዓይን ይጠፋል።

ሦስተኛው እንጨቱ ነው። የባሕር ዛፍ ዘይትና የጽድ ሙጫ አረቄውን ያበላሹታል፤ አይሞክሩት። ኦክ የተመረጠው ሳይፈስ ስለሚይዝና ውስጡ በእሳት ሲጠበስ የቫኒላ መዓዛ ስለሚሰጥ ነው። 5 ሊትር የምትይዝ ትንሽ በርሜል ቢያገኙ በሳምንታት ውስጥ ቀለም ትሰጥዎታለች፤ ይህ ግን አያታልልዎ። አረቄው ሳይለሰልስ የእንጨቱ ምሬት ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ በየሳምንቱ ይቅመሱና ምሬቱ ሲጀምር ወደ ጠርሙስ ይመልሱት። በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ከአልኮሉ ይልቅ ውሃው ፈጥኖ ስለሚተን ጥንካሬው ሊጨምር ይችላል፤ እርጥብ በሆነው ስኮትላንድ የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

የጭስ ጣዕም ከወደዱ ዕቃውን እንደ ጠላ ጋን በወይራ ከማጠን ብቅሉ ሲደርቅ ማጠን ይሻላል። የስኮትላንዷ አይላ ደሴት ውስኪዎች ጭሳቸውን የሚያገኙት ብቅሉን በፒት (ረግረግ ቦታ ላይ ከበሰበሰ ዕፅ የሚገኝ፣ ደርቆ የሚነድ አፈር) ጭስ በማድረቅ ነው።

«ደንበኞች የአረቄን ጥንካሬ በክብሪት ይፈትናሉ። ጠዋት እምቢ ያለው ከሰዓት ይነዳል። ሃይድሮሜትር ብገዛም ቁጥሩ ይለዋወጣል።» — ባለ ግሮሰሪ፣ ከሰበታ

ሁለቱም ጥፋት የሙቀት ነው። 40 በመቶ የሆነ መጠጥ ለክብሪት እሳት የሚያነሣው ትነት የሚሰጠው 26 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ነው። ጠዋት በብርድ ጥሩው አረቄ እምቢ ይላል፤ ፀሐይ የነካው ደካማ ግን ሊነድ ይችላል። ሜታኖልም ይነዳልና ክብሪት ስለ ደህንነቱ ምንም አይነግርዎትም።

ሃይድሮሜትሩ (መጠጡ ውስጥ ተንሳፍፎ የአልኮሉን መጠን የሚያሳየው መለኪያ) የተስተካከለው ለ20 ዲግሪ ነው። 10 ዲግሪ ላይ ያለ የ45 በመቶ አረቄ 41 አካባቢ ያነባል። ጠርሙሱን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁመው 20 ሲደርስ ይለኩ። ስኳር ወይም ማር የገባበትን ጨርሶ አይለካም፤ አሳንሶ ነው የሚያሳየው። 10 ሊትር የ45 ዳግም ወደ 40 ለማውረድ 1 ሊትር ከሩብ ውሃ ይበቃል። የጉድጓድ ውሃ ከተጠቀሙ በቀናት ውስጥ ሊደፈርስ ይችላል፤ የውሃው ካልሲየም በአልኮል ውስጥ አይሟሟምና። የተጣራ ውሃ ይጠቀሙ።

«ቮድካ ራስ ምታት የለውም ይባላል። እውነት ነው?» — አንባቢ፣ ከገላን

ከፊሉ። በቮድካ ውስጥ ከአልኮሉ ሌላ የቀረ ነገር እምብዛም የለም፤ ቡርቦን ውስጥ ብዙ አለ፣ እኩል ቢጠጣ የማግስቱ ሕመም በቡርቦን ይብሳል። ስካሩ ግን እኩል ነው፤ ዋናው የሕመም ምክንያትም የጠጡት መጠን ነው። ባለ 30 ሚሊ ሊትር አንድ መለኪያ 12 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል አለው፤ ባለ 330ው 5 በመቶ ቢራ 16.5። ስለዚህ አንድ መለኪያ ከአንድ ቢራ ያነሰ ነው። ችግሩ መለኪያ በሌለበት ሲቀዳ ነው።

«ቮድካ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ በረዶ ሆነ። ተታልዬ ይሆን?» — አንባቢ፣ ከቡራዩ

ሳይሆን አይቀርም። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 አካባቢ ነው፤ 40 በመቶ ቮድካ በረዶ መያዝ የሚጀምረው ከዜሮ በታች 27 ላይ ነው። 20 በመቶ የሆነ ግን ከዜሮ በታች 10 አካባቢ ሲደርስ በረዶ መያዝ ይጀምራል፤ የእርስዎ ጠርሙስ ውሃ ተጨምሮበታል ማለት ነው። በረዶ አለመሆኑ ግን እውነተኛ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ሜታኖልም ፍሪዘር ውስጥ በረዶ አይሆንም። ክዳኑን፣ የክዳኑን ቀለበትና የመለያ ወረቀቱን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ቀለበቱ ቀድሞ ተላቅቆ ከነበረ አይጠጡት፣ ከነደረሰኙ ለሻጩ ይመልሱት።