ለግል አሰልጣኝ ስፖንሰር ማን ይሰጣል? ጥያቄና መልስ

በግላችሁ የአካል ብቃት የምታሰለጥኑ፣ ስለ ስፖንሰር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ማሰልጠን ከመጀመሬ በፊት ማርኬቲንግ ክፍል ስሠራ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ይከመር ነበር። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ልመልስ።

ጥ፦ ሰልጣኞቼ ሃያ ብቻ ናቸው። ቲክቶክ ላይም ተከታይ የለኝም። ማን ዞር ብሎ ያየኛል?

መ፦ ባንክ አያይሽም፤ እውነቱ ይሄ ነው። ሰፈርሽ ያለው ጁስ ቤት ግን ያይሻል። ሃያዎቹ ሠርተው ሲጨርሱ የት ጎራ ይላሉ? ጫማ የት ይገዛሉ? ጉልበታቸውን ሲያማቸው የትኛው ፊዚዮቴራፒ ይሄዳሉ? እነዚያን ጠይቂ። ለጁስ ቤቱ በየሳምንቱ በሩ ላይ የሚያልፍ ሃያ ሰው፣ የት እንዳለ ከማይታወቅ ሃያ ሺህ ተከታይ ይሻለዋል።

ጥ፦ ፕሮፖዛል ላይ ምን ልጻፍ?

መ፦ አንድ ገጽ ይበቃል። ስለ ስፖርት ጥቅም ሦስት አንቀጽ የሚያትት አለ፤ ማንም አያነበውም። በቀጥታ እንዲህ በል፦ «ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 12፡30 ጃንሜዳ ላይ 40 ሰው አሰለጥናለሁ። አብዛኞቹ ከ25 እስከ 40 ዓመት ያሉ ተቀጣሪዎች ናቸው። ለ3 ወር በየሳምንቱ 4 እሽግ ውሃ ብታቀርቡልን አርማችሁን ቲሸርታችን ላይ እናሳትማለን። በየወሩ መጨረሻ ስንት ሰው እንደመጣ ከፎቶ ጋር እልክላችኋለሁ።»

ሰው የሚሰንፈው መጨረሻዋ ላይ ነው። ብሩን ወይም ውሃውን ተቀብሎ ድምፁን ያጠፋል። ሪፖርት የሚልክ አሰልጣኝ ጥቂት ነው፤ ውል የሚታደስለትም እሱ ነው። ፎቶ ስታነሳ ደግሞ ሰልጣኞችህን አስፈቅድ። ክብደት ሊቀንስ የመጣ ሰው ሆዱ ማስታወቂያ ላይ እንዲወጣ አይፈልግም።

ጥ፦ መቼ ላስገባ?

መ፦ ለባንክና ለኢንሹራንስ ግንቦት። የበጀት ዓመታቸው ሐምሌ መግቢያ አካባቢ ስለሚጀምር የከርሞውን ዕቅድ የሚያወጡት ያኔ ነው። ዘግይተህ ከሄድክ «በጀት ተይዟል» ትባላለህ። ሱቅ ግን የበጀት ወር የለውም። ታላቁ ሩጫ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በተለምዶ ኅዳር ላይ ስለሚካሄድ፣ መስከረም ሲጠባ ብዙ ሰው ለ10 ኪሎ ሜትሩ አሰልጣኝ ይፈልጋል። የስፖርት ልብስ ሻጮችን ያን ሰሞን አነጋግር። የሩጫውን ስምና አርማ ግን ሳታስፈቅድ ፕሮፖዛልህ ላይ እንዳትለጥፍ።

ጥ፦ «ነገ ተመለስ» ሰለቸኝ።

መ፦ መዝገብ ቤት ስታስገባ ኮፒህ ላይ ማህተምና ቁጥር አስመታ። ለማን እንደተመራ ጠይቅና ለእሱ ደውል። ሁለት ሦስቴ ደውለህ መልስ ካጣህ ተወው።

ጥ፦ ንግድ ፈቃድ የግድ ነው?

መ፦ ለጥሬ ገንዘብ፣ አዎ። ደህና ድርጅት ያለ ንግድ ፈቃድ፣ ያለ ግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ያለ ደረሰኝ ብር አያወጣም። ውሃና ቲሸርት ቀለል ስለሚል ጀማሪ በዓይነት ቢጠይቅ ይሻላል።

ጥ፦ አንድ የቢራ ፋብሪካ ቲሸርት ላሳትምልህ አለኝ። ልቀበል?

መ፦ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አግዷል። ቢራ ጠማቂው ሌላ መታያ ቢፈልግ አይገርምም። ስለ ቲሸርቱ መጀመሪያ ሕግ አዋቂ አማክር። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ቦርጭ ለማጥፋት የሚከፍልህን ሰው ቢራ አታልብሰው።

ጥ፦ የፕሮቲን ዱቄት ሻጭ «ሰልጣኞችህ በገዙ ቁጥር ኮሚሽን አለህ» ይለኛል።

መ፦ ስፖንሰር መሆኑ ቀርቶ በኮሚሽን ሻጭ እየቀጠረህ ነው። ከገባህበትም ኮሚሽን እንደምታገኝ ለሰልጣኞችህ ንገራቸው። ኩላሊቱን የሚያመው ሰው ሊኖር ይችላል፤ «ጠጣ» ከማለትህ በፊት ሐኪም ይየው።

ጥ፦ የድርጅቱ ሠራተኛ «አስፈቅድልሃለሁ፣ ግን የእኔን አስብ» አለኝ።

መ፦ ተወው፣ ሌላ በር አንኳኳ። ሂሳቡ አንድ ቀን ሲመረመር ደረሰኙ ላይ ያለው ፊርማ ያንተ ነው።